«ሱቁ ያንቺ ነው?»
የመድኃኒት ቤት ሥራን ማስረዳት ለምን ያስቸግራል?



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ በሽታና ስለ ምግብ ነው። በዚህ ወር ግን በታማሚውና በመድኃኒቱ መካከል ስለሚቆመው ሰው፣ ማለትም ስለ መድኃኒት ቤት ባለሙያ ሥራ ጥቂት ማለት ፈለግሁ። ይህን የማነሳው ሙያዬን ለማወደስ አይደለም። ብዙ ሰዎች ሥራችን ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ሊጠይቁን የሚገባውን ሳይጠይቁን፣ ሊነግሩን የሚገባውንም ሳይነግሩን መድኃኒታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ የሚጎዱት እነሱና ልጆቻቸው ናቸው።

ሦስቱ ግምቶች

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ተብዬ «መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው» ስል ከሦስት መልሶች አንዱን እሰማለሁ።

የመጀመሪያው «ሱቁ ያንቺ ነው?» የሚለው ነው። ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። ያደግሁባት ደሴ የንግድ ከተማ ናት፤ መደርደሪያ፣ ባንኮኒና ገንዘብ መቀበያ ያለው ቤት ሁሉ ሱቅ ነው። ተቀጣሪ መሆኔን ስናገር «ታዲያ የራስሽን መቼ ነው የምትከፍቺው?» ይከተላል። ሠርግ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሦስት ዓመት ተምሬ ዲፕሎማ መያዜን ስነግራቸው ከልባቸው አዝነውልኝ «ለዋጋ ሦስት ዓመት!» አሉኝ። እሳቸው የመሰላቸው የተማርኩት የመድኃኒት ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ግምት «ዶክተር ነሽ ማለት ነው» ይላል። ይህኛው ያስደስታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ ግን ከመጀመሪያው የበለጠ ያስፈራኛል። ቡና ላይ ተቀምጬ ምላስ የሚያሳየኝ፣ የልጁን እብጠት ገልጦ «ምንድን ነው?» የሚለኝ፣ የምርመራ ወረቀት አምጥቶ ከሐኪሙ ይልቅ የእኔን ቃል የሚጠብቅ ጎረቤት አለ። መርምሮ የበሽታን ስም መናገር የእኔ ሥራ አይደለም። አልተማርኩትም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝም።

ሦስተኛው ግምት ነርስ ያደርገኛል። «ማታ እቤት ብቅ ብለሽ መርፌዋን ትወጊልኛለሽ?»

አያቴ አላህ ይዘንላትና ለጓደኞቿ «ኪኒን ቆጣሪ ናት» ብላ ነበር የምታስተዋውቀኝ። ከሁሉም የእሷ ይሻል ነበር። ቢያንስ መቁጠሩን በትክክል አይታለች፤ የቀራት ሳልቆጥር በፊት የማስበው ነው።

ለማስረዳት ለምን አስቸገረ?

አንደኛው ችግር ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ «መድኃኒት» የማይሸከመው ትርጉም የለም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነው። ሥር ማሹ የሚሰጡት ቅጠል መድኃኒት ነው። ሰው ጠንቋይ ቤት ሄዶ ሲያስደርግ «መድኃኒት አስደረገበት» ይባላል። አይጥ የሚገድለውም «የአይጥ መድኃኒት» ነው፤ በማሳ ላይ የሚረጨውም «የተባይ መድኃኒት» ነው። የሚያድነውና የሚገድለው በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህን ሳስብ ቋንቋችን ያልተሳሳተ ይመስለኛል፤ የሚያድነው ነገር መጠኑ ሲያልፍ፣ ሰዓቱ ሲዛባ ወይም ለማይሆን ሰው ሲሰጥ መርዝ ይሆናልና። ነገር ግን ቃሉ ሰፊ በመሆኑ «የመድኃኒት ባለሙያ» ሲባል አድማጩ የትኛውን እንደምል ለመለየት ይቸገራል።

በመድረሳ ዐረብኛ ስንማር ሁለት ቃላት ይለያዩ እንደነበር አስታውሳለሁ። «ዐጣር» ሽቶና ቅመማ ቅመም፣ ዕፅም የሚሸጠው ነጋዴ ነው። «ሰይደሊይ» ደግሞ መድኃኒትን የሚያውቀው ነው። ሊቁ አል-ቢሩኒ (እ.ኤ.አ. በ973 የተወለደው) በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ስለ መድኃኒቶች ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጅቷል፤ የአንዱን መድኃኒት ስም በዐረብኛ፣ በፋርስኛ፣ በግሪክኛና በሌሎች ቋንቋዎች እየዘረዘረ። ይህን ያህል የሚደክምበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በስም የተመሳሰሉ ሁለት ዕፆች ከተምታቱ ሰው ይሞታል። በ1248 ደማስቆ ላይ የሞተው የአንዳሉሱ ተወላጅ ኢብኑል በይጣርም ከ1400 በላይ መድኃኒቶችንና ምግቦችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስቧል። ይህ ሙያ በሙስሊሞች ዘንድ አዲስ መጤ አይደለም ማለት ነው። እኛ ግን ሰይደሊዩን ከዐጣሩ ጋር ቀላቅለነዋል።

ሁለተኛው ችግር ሥራው የሚታየው ለሁለት ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። ሰው የሚያየው ወረቀት ስቀበል፣ ወደ መደርደሪያ ስዞር፣ ሳሽግና ገንዘብ ስጠይቅ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ችግር ደግሞ የሥራችን ውጤት አለመታየቱ ነው። ልብስ ሰፊ የሰፋውን ያሳያል፤ ግንበኛም ግድግዳውን። እኔ ሥራዬን በሚገባ ከሠራሁ ውጤቱ ያልደረሰ ነገር ነው፦ ያልተመረዘ ሕፃን፣ ያልደማ ጨጓራ፣ ራሱን ያልሳተ የስኳር ሕመምተኛ። ያልደረሰን ነገር ለማን ታሳዩታላችሁ?

ከወረቀቱ እስከ ፌስታሉ

እስቲ በሁለቱ ደቂቃዎች ውስጥ የሚሆነውን ልዘርዝር። ማዘዣው ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለማን ነው?» ብዬ ነው። ብዙዎች ወሬ መፈለግ ይመስላቸዋል። መልሱ ግን ሁሉን ይለውጣል። ለሕፃን ከሆነ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን ክብደቱን ማወቅ አለብኝ፤ የሕፃን መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው። ለሴት ከሆነ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ መሆኗን እጠይቃለሁ። ለምሳሌ ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ የልጁን ጥርስ ለዘለቄታው ያበላሻል። ለአዛውንት ከሆነ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት መኖሩን እጠይቃለሁ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው ዲክሎፌናክ የጨጓራ ቁስል ያለበትን ሊያደማ፣ ደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል።

ቀጥሎ መጠኑን አያለሁ። ሁሉም ቤት ያለውን ፓራሲታሞልን እንውሰድ። የልጆች ሽሮፕ አለ፤ በብዛት በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለጨቅላዎች የሚሆን ጠብታ ደግሞ አለ፤ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም የሚይዝ። ሁለቱም «የልጆች ፓራሲታሞል» ናቸው። እናት ለትልቁ ልጅ ሽሮፑን በማንኪያ መስጠት ለምዳ ለጨቅላው ጠብታውን በዚያው ማንኪያ ብትሰጠው 500 ሚሊ ግራም አጠጣችው ማለት ነው። ይህ አዋቂ ሰው የሚውጠው አንድ ሙሉ ኪኒን ነው። 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚበቃው ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ነው። ጠብታውን ስሰጥ ከጠርሙሱ ጋር ያለውን መለኪያ አውጥቼ በጣቴ መስመሩን የማሳየው ለዚህ ነው። የቸኮለ ሰው «ይገባኛል፣ ይገባኛል» ይለኛል።

የአንቲባዮቲክ ዱቄት ሽሮፕም እንዲሁ ነው። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ የሚጨመረውም እስከ ምልክቱ ድረስ ነው፤ በተሰጠ ቁጥር ጠርሙሱ መነቅነቅ አለበት። ከተበጠበጠ በኋላ በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ በላይ አይቆይም። ለሚቀጥለው ጉንፋን ብላችሁ የምታስቀምጡት ግማሽ ጠርሙስ መድኃኒትነቱ አልቋል።

አንዳንዴ ማዘዣው ላይ የተጻፈው ግር ይለኛል። መጠኑ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ ወይም ሁለት የማይስማሙ መድኃኒቶች አብረው ታዘው ይሆናል። ያን ጊዜ ስልክ አንስቼ ሐኪሙን እጠይቃለሁ። የሚጠብቀው ሰው ለጎኑ ሰው «ጽሑፉን ማንበብ አቅቷት ነው» ሲል ሰምቻለሁ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ግን ሐኪሙም እኔም ሥራችንን እየሠራን ነው። ሐኪም ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ በርካታ ሰው ያያል። ሁለተኛ ዓይን የተቀመጠው ለዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ ከምግብ ጋር ያለውን ነገር እነግራለሁ። ይህ የሥነ ምግብ ዓምድም ስለሆነ ሦስቱን ልጥቀስ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር ከተወሰዱ ወተቱ ይይዛቸውና ወደ ደም በሚገባ አይገቡም። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ኪኒን በቡናና በሻይ ይዳከማል፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። በየቤታችን የምንወደው ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ስኳርንም ደም ግፊትንም በመጠኑ ሊያወርድ ስለሚችል የእነዚህን በሽታዎች መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት የሚጠቀም ከሆነ ሊነግረን ይገባል። ተዉት ለማለት ሳይሆን ሁለቱ እንዳይደራረቡ ነው።

«አልሰጥም» የሚል ሱቅ

ሥራዬን ለማስረዳት እጅግ የምቸገርበት ቦታ ይህ ነው። ሱቅ የሚከፈተው ለመሸጥ ነው። ታዲያ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሰው ዕቃው እያለ «አልሰጥም» የሚል ሱቅ የት ይገኛል?

አንድ ሐጂ ጉንፋን ይዟቸው መጡ። «ልጄ፣ ያቺን ሁለት ቀለም ያላትን ካፕሱል አምስት ስጪኝ» አሉኝ። አሞክሳሲሊን ማለታቸው ነው። «ሐጂ፣ ማዘዣ አለዎት?» ብላቸው «ለጉንፋን ምን ማዘዣ አለው? ገንዘቤ ነው፣ ሰውነቴ ነው» አሉ። «ሐጂ፣ ይቺ ካፕሱል የምትገድለው ባክቴሪያን ነው። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አትነካውም» አልኳቸው። «ባለፈው ግን ወስጄ በአራተኛው ቀን ተሽሎኛል» አሉ። «ሳይወስዱም በአራተኛው ቀን ይሻልዎት ነበር» ስላቸው ሳቁ። ካፕሱሉን ሳይወስዱ ሄዱ፤ ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት ጎራ ብለው እንደሆነ አላህ ያውቃል።

«ሰውነቴ ነው» የሚለው ክርክር ለብዙ ነገር ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ለአንቲባዮቲክ ግን አይሠራም። መድኃኒቱን የሚለማመደው ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። አምስት ካፕሱል ውጦ የተወ ሰው ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ጠንካሮቹን ያስቀራል። እነዚያ ጠንካሮች በእሱ ብቻ አይወሰኑም፤ ወደ ሚስቱ፣ ወደ ልጁ፣ አጠገቡ ወደሚሰግደው ሰው ይተላለፋሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ንግግሩ ላይ መድኃኒቱ ባልተሟላ መጠን ከተወሰደ ተሕዋስያኑ እንደሚለማመዱት አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ደግሞ በ2019 ብቻ 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል ሰዎች መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ እንደሞቱ ገምቷል። የአገራችንም ሕግ (የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011) በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሰጥ ይከለክላል።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። «ካርድ ማውጫ፣ ላቦራቶሪ፣ ትራንስፖርት ከየት ላምጣ? አንቺ ጋ በጥቂት ብር ይገላግለኛል» የሚለኝ ሰው ሰነፍ አይደለም። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሲሰለፍ የቀን ገቢውን አጣ ማለት ነው። ይህን ችግር እኔ ባንኮኒ ላይ ሆኜ ልፈታው አልችልም። የምችለው ሌላ ነገር አለ፤ ክፍያም የለውም። የትኛው ሕመም ቤት ውስጥ በዕረፍት፣ በትኩስ ነገርና በፓራሲታሞል እንደሚያልፍ፣ የትኛው ግን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት መናገር እችላለሁ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚበጠበጥና ዚንክ ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን መቀጠል እንዳለበት አሳያለሁ። እነዚህ ከአንቲባዮቲክ የረከሱ ናቸው፤ ለብዙው የልጆች ተቅማጥም የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም በፍጥነት የሚተነፍስ ልጅ ግን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ገንዘብ ከመቆጠቡ በፊት ልጁ ይቅደም።

ረመዷን ሲመጣ

የእኛን ሥራ ምንነት በደንብ የሚያሳየው የረመዷን ወር ነው። «በቀን 3 ጊዜ» የሚባለው በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው። በአገራችን ጾሙ 13 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ መሐል ያለው መጠን ቦታ ያጣል። ይህን ጊዜ አንዳንዱ ሦስቱንም በኢፍጣር ሰዓት አንድ ላይ ይውጣል፤ ሌላው ሁለቱን ይተዋል፤ ሌላው ወሩን ሙሉ መድኃኒቱን ያቆማል። ሦስቱም አደጋ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት አቁሞ ምንም ያልተሰማው ሰው ዳነ ማለት አይደለም፤ ግፊት ብዙውን ጊዜ ድምፅ የለውም።

ለብዙ በሽታዎች በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ ተመሳሳይ መድኃኒት ይገኛል፤ ሐኪሙ ሊቀይረው ይችላል። ግን ይህ የሚሆነው ቀድሞ ሲነገር ነው። የስኳር ሕመምተኞች ከረመዷን ከ6 እስከ 8 ሳምንት በፊት፣ በረጀብ ወር ማለት ነው፣ ሐኪማቸውን ቢያዩ ይመከራል። እንደ ግሊበንክላሚድ ያሉ ኪኒኖችና ኢንሱሊን በጾም ሰዓት ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት አለበት። ለታማሚ የተሰጠው ፈቃድ በቁርኣን ውስጥ ያለ መሆኑን ዑለማዎቻችን ያስተምሩናል። ራስን ከሳቱ በኋላ ሆስፒታል መግባት የጾሙን አጅር አይጨምርም።

ያልሆንኩት ነገር

ሥራዬን ለማስረዳት አንዱ መንገድ ያልሆንኩትን መናገር ነው። ሐኪም አይደለሁም ብያለሁ። ሙፍቲም አይደለሁም። «የካፕሱሉ ሽፋን ሐላል ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣልኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጄላቲን ከከብትም፣ ከዓሣም፣ ከአሳማም ይሠራል፤ ከዕፅዋት የሚሠራ ሽፋንም አለ። የእኔ ድርሻ ወረቀቱን አንብቤ የተሠራበትን መናገር፣ ያንኑ መድኃኒት በኪኒን ወይም በሽሮፕ መልክ ማግኘት ይቻል እንደሆነ መፈለግና ካስፈለገም ሐኪሙን መጠየቅ ነው። አማራጭ ከጠፋ ብይኑ የዑለማዎች ነው። የማልቀበለው ነገር ቢኖር ሰው በጥርጣሬ ብቻ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ የቲቢውን መድኃኒት በግማሽ መንገድ ማቆሙን ነው።

የተረፈ መድኃኒት ሰብሳቢም አይደለሁም። ብዙ ደጋግ ሰዎች የሟች አባታቸውን ወይም የዳነ ልጃቸውን ትርፍ መድኃኒት በፌስታል አምጥተው «ለሚስኪን ስጪልኝ፣ ሰደቃ ይሁን» ይሉኛል። ኒያቸውን አላህ ይቀበላቸው። እኔ ግን ልሰጠው አልችልም። ያ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጥ ወይስ በመስኮት ፀሐይ ይመታ፣ ያ ሽሮፕ መቼ ይከፈት፣ የማውቅበት መንገድ የለም። ለድሃ የሚሰጥ መድኃኒት ከሀብታም መድኃኒት ያነሰ ጥራት ሊኖረው አይገባም። ሰደቃ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ማዘዣ ይዞ ገንዘብ ላጠረው ታማሚ ክፍያውን ይሸፍንለት፤ እንዲህ ያለ ሰው በየቀኑ እናያለን።

ከጂዳና ከሪያድ በዘመድ የሚላኩ መድኃኒቶችም ይመጡልኛል። እዚህ ላይ የመድረሳው ዐረብኛ ጠቅሞኛል፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን አነብላቸዋለሁ። አንዲት እናት ቀኑ ሁለት ዓመት ያለፈበት የዓይን ጠብታ «ዐረብኛ ስላለበት መጣል ከበደኝ» ብለው አሳዩኝ። «የተጻፈው እኮ ‹ከዚህ ቀን በኋላ አትጠቀሙ› ነው የሚለው» ስላቸው «በይ እንግዲያው ራሱ ነግሮኛል» አሉና ተስማሙ።

ጥፋቱ የተጠቃሚው ብቻ አይደለም

ሕዝቡ «ሻጭ» ቢለን ለምን ይደንቀናል? ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አሽጎ፣ «መቶ ሃምሳ» ብቻ ብሎ የሚሸኝ መድኃኒት ቤት አለ። ማዘዣ ሳይጠይቅ የተጠየቀውን ሁሉ የሚሰጥ አለ። ሰው ሙያን የሚያውቀው ከሚያየው ነው፤ ሻጭ ብቻ ካየ ሻጭ ይላል። እኔ ማዘዣ ስጠይቅ ማዶ ያለው ሳይጠይቅ ከሰጠ እኔ ክፉ፣ እሱ ደግ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሙያችንን ማስረዳት በንግግር ብቻ የሚሆን አይደለም። የመድኃኒት ባለሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ደቂቃ ብናወራ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገም ነበር። መድኃኒት አማና ነው፤ ማስረዳቱም የአማናው አካል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን፣ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ እነዚህን ብትይዙ ለእናንተም ለእኛም ይቀላል፦

1. የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ ንገሩን። ባዶ ማሸጊያውን ማምጣት ይበቃል።
2. ለሕፃን ከሆነ ክብደቱን አውቃችሁ ኑ።
3. ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆናችሁ ሳንጠይቃችሁ ንገሩን። ማፈር አያስፈልግም፤ ከፈለጋችሁ ለብቻ እናናግራችኋለን።
4. ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ለምንድን ነው? ምን ያህል? በስንት ሰዓቱ? እስከ መቼ?
5. ለጉንፋን የምትገዙት ቅልቅል መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ፓራሲታሞል አለበት። ሌላ ፓራሲታሞል እንዳትደርቡበት ጠይቁ። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ኪኒን ማለፍ የለበትም።
6. ለጎረቤት የሠራ መድኃኒት ለእናንተ ታዘዘ ማለት አይደለም።
7. «አልሰጥም» ስንላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት «ለምን?» በሉን።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለኢማሞቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ ረመዷን ሳይገባ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አሥር ደቂቃ ለጀማዓው የመድኃኒት አወሳሰድ እንዲነገር ፍቀዱ። በየመስጂዱ የሚሰግድ ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ አይጠፋም። የሴቶቹንም ክፍል አትርሱ፤ በየቤቱ መድኃኒት የምትሰጠው እናት ናት።

አሁን ሰው «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲለኝ ረጅም ማብራሪያ ትቻለሁ። «ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ለሚወስደው ሰው መስማማቱን የማረጋግጥ፣ አወሳሰዱንም የማስረዳ ነኝ» እላለሁ። ያልገባው ካለ «አንድ ቀን ማዘዣ ይዘህ ና፣ ታየዋለህ» እለዋለሁ። ደግሞም ባይመጣ ይሻለዋል፤ አላህ ከበሽታ ይጠብቀው።

አላህ የታመሙትን ሺፋ ይስጥልን፣ ጤነኞቹን ዓፊያ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።